ሥርዓታችን ነው ያለው አራጅ

«እማ፣ በጉ ቢላውን ሲያየው እንደሚታረድ አወቀ?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሙንተሃ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ጎረቤት ቤት ከልጆች ጋር ስትጫወት፣ አንዲት ታዋቂ ሴት ስለ እኛ እርድ እያለቀሰች ስትናገር በስልክ አይታ መጣች። የዚህን መልስ እስከ ዛሬም አላገኘሁም። ወዲያው ሌላ አስከተለች። «ታዲያ እኛ ጨካኞች ነን?» አለችኝ፣ ከእኔ ራቅ ብላ በሩ ሥር ተቀምጣ። ለዚህኛው ምሳሌ ነገርኳት። እንደነገርኳት ጻፍኩት።

አንድ ሰው ነበረ። አራጅ ነበር። አያ ሙህዬ ይሉታል። ለአረፋም፣ ለሰርግም፣ ለሰደቃም የሚጠራው እሱ ነው። በግ ከማረዱ በፊት ውኃ ያጠጣዋል። ቢላውን የሚስለው ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ነው፤ የድንጋዩ ድምፅ እንኳ ወደ በጉ እንዳይደርስ። ከዚያ ቢላውን በሽርጡ እጥፋት ይሸሽግና ባዶ እጁን እንደመጣ ሰው እየዳበሰው ይቀርባል። በግራ ጎኑ ያስተኛዋል፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ያዞረዋል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ አለቀ። አንዱ በግ ሌላው ሲታረድ አያይም። «በጉ በመጨረሻ የሚያየው እጃችሁን ይሁን እንጂ ቢላችሁን አይሁን» እያለ ወጣቶቹን ያስተምር ነበር። አንዱ ወጣት ረስቶ በግ ፊት ቢላ ቢስል፣ ሰው ባለበት ቢላውን ነጠቀው። «አንተ ገና ገመድ ያዝ፤ ለማረድ አልደረስክም» አለው።

የዚህ አራጅ ጎረቤት ክርስቲያን ነው። አጥራቸው አንድ ነው። መቼም እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውንም እነሱ አይበሉም። ስለዚህ ጎረቤቱ ድግስ ባለው ቁጥር፣ ለእስላም እንግዶቹ የሚሆነውን በግ በሕይወቱ እየጎተተ ያመጣለታል። «አያ ሙህዬ፣ የወገኖችህን እንካ። እኔ ከነካሁት አትበሉልኝም» ይለዋል እየሳቀ። ድስቱም፣ ቢላውም፣ ማዕዱም ለብቻ፤ ድግሱ ግን አንድ። አራጁ በዚህ ነገር በጣም ይኮራ ነበር። የጎረቤቱ ሁለት ልጆች ሲዳሩ ያረደው እሱ ነው፣ የቀረችው ትንሿ ናት። «የእሷንም ሰርግ በእጄ» ይል ነበር።

አንድ ዓመት በአረፋ ዕለት እንዲህ ሆነ። ከሶላት መልስ ከየቤቱ ተጠራ። የመበለቶቹን አረደ፣ የሕመምተኞቹን አረደ። ወደ ራሱ ግቢ ሲመጣ ፀሐይ አናቱ ላይ ነች፣ ወገቡ ተቆርጧል፣ እንግዶቹም ገብተው ተቀምጠዋል። ሁለት በግ ታስሯል። አንዱን አረደ። ሁለተኛው ላይ ቢላው ደነዘበት። ከቤቱ ጀርባ ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው። ሃያዋን እርምጃ ለመሄድ ሰነፈ። እዚያው ተንበረከከና ድንጋዩን አውጥቶ ቢላውን በበጉ ፊት ይስል ጀመር። በጉ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አጠገቡ የታረደው ተጋድሟል።

ጎረቤቱ ቤት፣ ፎቁ ላይ፣ አንዲት ዝነኛ ሴት ነበረች። የጎረቤቱ የእህት ልጅ ናት። ፊልም ትሠራለች። ለጎዳና ውሾች መጠለያ ያሠራች፣ ለእንስሳት የምትቆረቆር ሴት ናት፤ ሐሰት አንናገር። የቢላውን መሳል ድምፅ ሰምታ በመስኮት አየች። በስልኳም ቀረጸችው።

ለሰው ከማሳየቷ በፊት ግን ከሰዓት ወርዳ ወደ አራጁ ቤት መጣች። እንግዶቹ ቅቅል እየበሉ ነው። በሩ ላይ ቆመችና ስልኳን ዘረጋች።

«አባባ፣ እንኳን አደረሳችሁ። እኔ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም፤ ለመጠየቅ ነው። እንዲህ ነው የሚደረገው? በፊቱ ቢላ እየተሳለ?»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ «አያ ሙህዬ፣ በጉን አስፈቅደህ ነበር ወይ እኮ ነው የምትልህ!» አለ። ሳቁ። አራጁ አልሳቀም። ያየው ያንን ወጣት ነው፣ ቢላ የነጠቀውን። ጥግ ላይ ተቀምጦ ጎርሶ፣ ሳያላምጥ ያየዋል።

የሚለው አንድ ቃል ነበር። አጥፍቻለሁ። ቸኩዬ ነው። እነዚህ ሁሉ እያዩት ግን፣ ለሴት ጥፋቱን ሊናዘዝ፣ ለዚያውም አርዳ ለማታውቅ! ቃሉን ዋጠው።

«ሥርዓታችን ነው» አላት።

ወጣቱ አንገቱን ቀና አደረገ። ሴትዮዋም የወጣቱን ፊት አየች። አንድ ነገር እንደተዋሸ ገብቷታል። ግን ከቀረጸችው ጋር የሚሄድ ቃል አግኝታለች፤ ሌላ ሰው አልጠየቀችም። ወጥታ ሄደች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስቱ ሳህን እየሰበሰበች፣ «ያ ረቢ፣ አንተ ሰው፣ የማን ሥርዓት ነው እሱ?» አለችው።

«ተይኝ፣ ደክሞኛል።»

«በጉ ላይ የሠራኸው አንድ ነገር ነው። አሁን የሠራኸው ግን በሁላችን ላይ ነው። ሄደህ ንገራት።»

«ነገ» አላት።

በማግስቱ ሲነጋ በጉ በየሰው ስልክ ውስጥ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ነበር። ከሥሩም፣ «ሥርዓታችን ነው አሉኝ» የሚል ተጽፎበታል። አንደኛው ወገን አረመኔዎች አለ፣ እርዳቸው ይታገድ አለ። ሌላኛው ሃይማኖታችን ተሰደበ ብሎ ተነሣ፣ በሴትዮዋ ላይ ክፉ ክፉውን ጻፈ። ከዚህ በኋላማ አራጁ እንዴት ይናገር? አጥፍቻለሁ ቢል ወገኖቹን ሸጠ ሊባል ነው። የራሱን ጥፋት ሃይማኖቱ ተሸክሞለት፣ እሱ ከጎን እየሄደ ያያል።

ክረምቱ አለፈ። የጎረቤቱ ትንሿ ልጅ ሰርግ ደረሰ። በሰርጉ ዋዜማ አራጁ በጠዋት ተነሣ። ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ቢላውን ሳለ፣ ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ። ሽርጡን ለበሰ፤ ለበጉ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠ፤ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ከወዲያ ማዶ ድንኳን ይተከላል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ረፋድ ሆነ። በግ አልመጣም። ከበሮው ተጀመረ። አልመጣም።

ከሰዓት ጎረቤቱ ብቻውን ወደ አጥሩ መጣ። ውኃውን አየ። ዓይኑን ከእሱ ላይ መለሰ።

«አያ ሙህዬ፣ አትቀየመኝ። ነገ ለእናንተ ሽሮና ሩዝ ነው ያሠራነው። ልጆቹ ያንን ነገር ካዩ ወዲህ፣ በሰርጋችን እንዲያ አይታረድም አሉ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሥርዓታችን ነው ብለሃል።»

«አልነበረም» አለ አራጁ። «የዚያን ዕለት አጥፍቼ ነበር። ደክሞኝ፣ ቸኩዬ።»

ጎረቤቱ አጥሩን ያዘ።

«ምነው ወንድሜ» አለው። «ይህችን ቃል ልትሰማ የመጣች ሰው ደጅህ ላይ ቆማ ነበር እኮ።»

አራጁ ውኃውን መሬት ላይ ደፋው።

ሙንተሃ ልጄ፣ ጨካኞች ነን ወይ ላልሽኝ፣ ሥርዓቱ ጨካኝ አይደለም። ሰው ግን ይሰንፋል፣ ይቸኩላል፣ ያጠፋል። ያጠፋውን ጥፋት በሚወደው ነገር ከሸፈነው፣ የሚወደውን ነገር ነው የሚያቆሽሸው። ሴትዮዋም ያየችው እውነት ነው፣ በአንድ ሰው ያየችውን ግን ለሁሉም አለበሰችው። እኔም እንደ አራጁ ነኝ። ትናንት ዘይቱን ስትደፊው በጥፊ መታሁሽ። ለምን ስትዪኝ፣ «እናት ልጇን ትቀጣለች፣ ሥርዓት ነው» አልኩሽ። ሥርዓት አይደለም። ታናሽ ወንድምሽ ሁለት ቀን አላስተኛኝም ነበር። ደክሞኝ ነው። አጥፍቻለሁ።

ሙንተሃ ከበሩ ሥር ተነሥታ መጣችና ጭኔ ላይ ተጋደመች። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እሺ፣ በጉ ግን አወቀ?» አለችኝ።

አላወቀም እንዳልላት፣ ማፈግፈጉን ራሴ ነኝ የነገርኳት። አወቀ ብላት ደግሞ አረፋ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ አባቷ በጉን ገዝቶ አስሮታል፣ እሷም በየቀኑ ሣር ታበላዋለች። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ከእኔ የተሻለ የምታውቁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።