ሞተር ያረሰው የባሕር ሣር

አንዲት ሴት ነበረች፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትኖር። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ሩቅ ባሕር ሄዶ ቀረባት። የተረፋት አንድ ልጅ ነው፤ ሁመድ ይባላል። እሱም እንዳባቱ ዓሣ አጥማጅ ሆነ።

አባትየው ለምን ሩቅ ሄደ? በዳርቻው ሞቃት ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሣር በመረብ እየተገፈፈ አልቆ ነው። ዓሣ የሚራባው፣ የሚደበቀው እዚያ ነበር። እናትየው «ሣሩ ከተመለሰ ዓሣው ይመለሳል፤ ልጄም ሩቅ አይሄድብኝም» አለች።

ተከለች! ባሕሩ ከዳርቻው ሸሽቶ ውሃው በጎደለ ቁጥር ተንበርክካ ተከለች። ሥር ያለውን የሣር ቁራጭ አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፤ ማዕበል እንዳይነቅለው በታጠፈ ሽቦ ትይዘዋለች። ቅጠሉን ጭቃ ሲሸፍነው ብርሃን እንዲያገኝ በጣቶቿ ትጠርጋለች። ሰፈርተኛው «አንዲት ፍየል እንኳ የላት፤ ሣሩ ለማን ነው?» እያለ ሳቀባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳቀባት። በሦስተኛው ዓመት ዓሣው መጣ።

ወሬው ተሰማና ከከተማ እንግዶች መጡ። ሁመድ በእናቱ ኮርቶ፣ በሞተር ጀልባው ወስዶ ሣሩን ሊያሳያቸው ተነሣ።

«ልጄ፣ ውሃው ጎድሏል። እስኪሞላ ጠብቅ» አለችው።

«እማዬ፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል። በእንግዳ ፊት አታሳፍሪኝ።»

ሄደ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ከጀልባው ሥር የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ የሣሩን ሥር እንደ ማረሻ ገለበጠው። እንግዶቹ ፎቶ እስኪነሡ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። አጨበጨቡለት። በሳምንቱ ማዕበሉ የላላውን አሸዋ ከቀረው ሣር ጋር ጠርጎ ወሰደው።

«ሣር አይደል እማዬ? መልሶ ይበቅላል» አላት።

«ይበቅል ይሆናል። እስኪበቅል ግን የት ልታጠምድ ነው?»

በወሩ ሁመድ አባቱ ሳይመለስ ወደ ቀረበት ሩቅ ባሕር ሄደ። እሷም ዳርቻው ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ ሁመድ እናቱን ይጠላት ነበር? አይጠላትም! ይህን ልብ በሉልኝ። ያረሰባት ጠላት አይደለም።

እናንተስ? ሚስትህ ዐሥር ዓመት ገመናህን ሸፍና የያዘችውን ትዳር፣ እንግዳ ለማሳቅ ብለህ በማዕድ ላይ አልቀለድክበትም? እናትሽ ጾማ ያስተማረችሽ አንቺስ፣ ጓደኞችሽ እሷን አይተው «ይህቺ ሴት ማናት?» ሲሉሽ «የቤት ሠራተኛችን» አላልሽም?

በእናንተ ብቻ አልፈርድም፤ እኔም አለሁበት። ስብከቴ እንዲያምርልኝ ብዬ ወንድሜ አምኖ የነገረኝን ምስጢር እዚሁ መድረክ ላይ አውጥቻለሁ። ጉባኤው አለቀሰ፤ እጄን እየጨበጣችሁ አመሰገናችሁኝ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴን አልረገጠም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይቅርም ብሎኛል። ግን አይመጣም።

እንግዶቹማ ሄደዋል። እንግዳ ይሄዳል። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ በሩ ላይ ቁሙና ተንበርክኮ የተከለላችሁን ሰው አስቡ። እባካችሁ፣ ገና ሥሩ ሳይነቀል ሞተሩን አጥፉ።