መነጽሩን ሚስቱ ላይ የሰካ ሰው

«አባ፣ እኔ ጉባኤ አላቋርጥም፤ የመከሩኝን ሁሉ እሰማለሁ። ታዲያ ልጆቼ ኮቴዬን ሲሰሙ ለምን አልጋ ሥር ይገባሉ? ሳይወዱኝ ሊያድጉ ነው ብዬ ፈራሁ» ብሎ አንድ ሰው የንስሐ አባቱን ጠየቀ። እሳቸውም ቆጣ ብለው እንዲህ አሉት፦

እንጀራው ዓይኑ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። ሰዎች የሠርጋቸውን ቪዲዮ ይሰጡታል፤ እሱ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ እየቆረጠ እየቀጠለ ያሳምርላቸዋል። ዓይኑ ይቆጠቁጠው ጀመር። ሐኪም አየውና፣ «ደርቆ መቁሰል ጀምሯል። ካላሳረፍከው ብርሃንህን ታጣለህ» አለው። ሰውዬው ደነገጠ። ዓይን ሲደክም የሚያውቅ መነጽርም ገዛ። ያደረገው ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ ከቆየ፣ መነጽሩ ጆሮው ሥር ይንዘረዘራል። ያን ጊዜ ተነሥቶ ውጭ ውጭውን ማየት ነው። ካወለቁት ደግሞ ይጮሃል።

ጥር ገባ። ጾም ሳይገባ የደገሰ ሁሉ ቪዲዮውን ይዞ በሩ ላይ ተሰለፈ። መነጽሩ ደግሞ አላሠራ አለው፤ ይንዘረዘራል፣ ይንዘረዘራል። «ኧረ ወዲያ!» አለና አውልቆ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ አፍንጫ ላይ ሰካው።

«አንተ ሰው፣ የታመመው ያንተ ዓይን! እኔ ላይ ምን ይሠራል?» አለችው።

«ዝም ብለሽ አድርጊልኝ። እሱ ዝም ካለ ደህና ነኝ ማለት ነው።»

እሷ በመስኮት ደጁን እያየች ተቀመጠች፤ መነጽሩም ዝም አለ። ሰውዬው ልቡ ዐረፈ። ዓይኑ ሲያቃጥለው እንኳ ወደ ሚስቱ ዞር ይልና፣ «አልተንዘረዘረም አይደል?» ብሎ ይቀጥላል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የሙሽራዋን ፊት ጉም ሸፈነው። ስክሪኑን በእጅጌው ወለወለው፤ ጉሙ አልሄደም። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷም ፊት የላትም። «ኧረ ያዢኝ! የት ነሽ?» እያለ አጠገቡ ያለችውን ሴት በእጁ ይዳብስ ጀመር። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። መነጽሩ እስከ መጨረሻው ዝም እንዳለ ነው።

ልጄ፣ አንተም እንዲሁ ነህ። ምክሩን ትሰማለህ፤ ግን በሰው አፍንጫ ላይ ትሰካዋለህ። ልጆችህ ዛሬ ከአልጋ ሥር ናቸው፤ ነገ ከቤትህ ይወጣሉ፣ ያኔ ዳብሰህም አታገኛቸው። እሑድ ስለ ቁጣ ሳስተምር አይቼሃለሁ እኮ! ሚስትህን በክርንህ ጎሸም እያደረግህ፣ «ሰማሽ?» ትላት ነበር።