መዶሻን ያስበላችው ማረሻ

ተረት ተረት ልበላችሁ? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። «የላም በረት» የምትሉትን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ የዛሬው ተረት የብረት ነው። ብረት ደግሞ የሚያንቀላፋ ሰው አይወድም። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ንቃ!

በድሮ ዘመን፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንድ መንደር ዳር ይመኑ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። የይመኑ ሀብት አንድ መዶሻ ብቻ ነው። ግን ምን ያለ መዶሻ! ራሱ ድፍን ብረት፣ እጀታው ወይራ፣ ሲያርፍ ምድር የሚሰማው። የመንደሩ ሰው ይመኑን ለድግስ አይጠራውም ነበር፤ ቀጥቃጭ ነዋ! ይሁን እንጂ ያለ እሱ መዶሻ ያረሰ፣ ያጨደ፣ ቤት የሠራ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ እጁን ይፈልጋል፣ ባለእጁን ይንቃል።

ክረምት ሊገባ ሲል መዶሻው ኳ! ኳ! ማለት ይጀምራል። ይህን ጊዜ ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ሊያሾል ወደ ይመኑ ይጎርፋል። ልማዱ ነው፤ ማረሻ የሚያሾል ሰው ከሰሉን ከቤቱ ያመጣል፣ ወናፉንም ቁጭ ብሎ ራሱ ይነፋል።

ከማረሻዎች ሁሉ ግን የገበሬው የአያ ጥላዬ ማረሻ መዶሻን ትጠላው ነበር። «ዓመት በመጣ ቁጥር እሳት ውስጥ ይማግዱኛል። ከእሳት ስወጣ ደግሞ ይህ ወፍራም ራስ ይደበድበኛል። ድንጋይ ስገፋ ከርሜ ምስጋናዬ ይህ ነው?» ትላለች።

አንድ ዓመት አያ ጥላዬ ማረሻውን ለነገ ሥራ ብሎ ከይመኑ ዘንድ አኑሯት ሄደ። ማምሻውን እመት ጃርት በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ ብላ ገባች። ማረሻ ይህን ጊዜ ተንኮል መጣላት።

«እመት ጃርት፣ ጨው ትወጂያለሽ?»

«ጨው? እሱን ደግሞ ትጠይቂኛለሽ? ለጨው ብዬ ያልገባሁበት ቤት አለ?»

«እንግዲያው የይመኑን ላብ ስንት ዘመን ሲጠጣ የኖረ እንጨት አለልሽ። ያውልሽ፣ የመዶሻው እጀታ። እሱን ብዪና ራሱን ከጉድጓድሽ ቅበሪልኝ።»

መዶሻ ሰምቷል። «ልጄ ማረሻ፣ ምን በደልኩሽ?» አላት።

«የማን ልጅ? ደብዳቢዬ እንጂ ምኔ ነህ!»

እመት ጃርት ጊዜ አላባከነችም። እጀታውን ቀረጣጥፋ በላች። ራሱን እያንከባለለች ወስዳ በአያ ጥላዬ ማሳ ዳር ካለው ጉድጓዷ ከተተችው።

ሲነጋ አያ ጥላዬ ከሰሉን ተሸክሞ፣ በሬውን ቦራን እየነዳ መጣ። ይመኑ ከደጃፉ ቆሞ የተቀረጠፈ እንጨት እያየ ራሱን ይዟል።

«ኧረ ጉዴ! ኧረ እጄን ተቆረጥኩ!»

«አያ ይመኑ፣ አይዞህ። ሌላ ሥራ እንጂ» አለው ጥላዬ።

«መዶሻ የሚሠራው በመዶሻ ነው ወንድሜ። በምን ልሥራው?»

ሰማዩ ተንጎደጎደ። ያን ጊዜ በሬው ቦራ ከውጭ ጮኸ። «ዝናቡ መጣ እኮ! የዘር ጊዜ ካለፈ የጥላዬ ልጆች ይራባሉ። ሲራቡ የሚያዩት ማንን ነው? እኔን! ያላረሰ በሬ ሥጋ ነው ጎበዝ!»

ማረሻ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ለቦራ አስባ አታውቅማ። ቢሆንም ተንኮሏን ደበቀች።

መጥረቢያ ተነሣች። «እኔ አለሁ፤ በጀርባዬ ምቱ» አለች። ጥላዬ ወናፉን ነፋ፣ ማረሻ ጋለች፣ ይመኑ በመጥረቢያ ጀርባ መታ። ኳ! መጥረቢያ ከእጀታዋ ወልቃ ከአመዱ ውስጥ ወደቀች።

የወይራ ጉማጅ ተነሣ። «እንግዲያው እኔ አለሁ፤ የመዶሻ እጀታ ዘመዴ ነው» አለ። ጥላዬ ነፋ፣ ማረሻ ጋለች፣ ይመኑ በጉማጁ መታ። ጢሱ ቤቱን ሞላው። «ተቃጠልኩ! ውኃ! ውኃ!»

በመጨረሻ የበሩ መደገፊያ የነበረው ሽማግሌ አለሎ ድንጋይ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ እኔን አንሡኝ» አለ። ጥላዬ ነፋ፣ ማረሻ ጋለች፣ ይመኑ በአለሎ መታ። ብረቱ እሺ አለ፤ አለሎ ግን ተሰነጠቀ። በተሰነጠቀ አፉ እንዲህ አለ፦

«እኔ አርጅቻለሁ። ሰው ብረት ሳያውቅ መዶሻው እኔ ነበርኩ። ካስማ የተከልኩ እኔ፣ አጥንት የሰበርኩ እኔ። እጀታ ስላልነበረኝ የያዘኝ ሰው ክንዱን ሲያመው ያድር ነበር። የመጀመሪያው ብረት ከምድር ወጥቶ ሲግል የቀጠቀጥኩትም እኔው ነኝ። ያ ብረት መዶሻ ሆነ። ‹እንግዲህ እኔ ደከምኩ፣ አንተ ቀጥል› አልኩት። እሱም ቀጠለ። ማጭዱን ወለደ፣ መርፌውን ወለደ፣ የበቅሎውን ልጓም፣ የጦሩን ጫፍ ወለደ። አንቺም ማረሻ፣ ከእሱ በፊት ምን ነበርሽ? ዝገት! አባትሽ እሱ ነው።»

ይህን ብሎ አለሎ ለሁለት ተከፈለ።

ማረሻ አፈረች። ከእሳቱ ይልቅ ኀፍረቱ አቃጠላት። «እኔ ነኝ ያስበላሁት» አለች። «ለጃርት የጠቆምኩ እኔ ነኝ። አሁን ከሞፈሩ እሰሩኝና ወደ ጉድጓዷ ውሰዱኝ። ያስቀበርኩት እኔ፣ የማወጣውም እኔ።»

ጥላዬ ቦራንና ሌላውን በሬውን ጠመደ። አንድ ጊዜ ጉድጓዱን ሞከሩት፤ ማረሻ ከቋጥኝ ተጋጭታ ተመለሰች። ደግሞ ሞከሩት፤ ጫፏ ጎበጠ። «ይቅርብሽ» አላት ቦራ። «ሳብ!» አለችው። ሦስተኛ ሞከሩት፤ ጫፏ ተሰበረ፤ ያን ጊዜ ግን ከመሬቱ ሆድ ኳ! የሚል ድምፅ ወጣ። መዶሻ ነበር። እመት ጃርት እሾኋን አቁማ በረረች። «ጨው ነው ያላችሁኝ እንጂ ጠብ አላላችሁኝም!» እያለች ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

ይመኑ አዲስ የወይራ እጀታ አበጀ። ጥላዬ ወናፉን ነፋ። ጫፏ የተሰበረ ማረሻ ግላ ወጥታ መስፉ ላይ፣ ብረት በሚቀጠቀጥበት ላይ ተጋደመች። 

«አባዬ፣ እንግዲህ ትበቀለኛለህ?»

መዶሻ አንድ ጊዜ እሷን መታ። ከዚያ ባዶውን መስፍ በቀስታ ነካ አደረገ። ደግሞ እሷን መታ፣ ደግሞ መስፉን ነካ።

«መስፉን ምን አጠፋ ብለህ ትነካዋለህ?» አለችው።

«እሱን ስነካ የይመኑ ዓይን አንቺን ያያል። የት እንደጎበጥሽ፣ የት እንደሳሳሽ፣ ቀጥሎ የት ማረፍ እንዳለብኝ ያያል። ሳያዩ መምታት ድብደባ ነው ልጄ። እያዩ መምታት ሥራ ነው።»

ማረሻ ስንት ክረምት ስትቀጠቀጥ ኖራ ይህን ልብ ብላ አታውቅም ነበር።  ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ «አባዬ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጎብጦ ቀርቷል፤ ድገመኝ» አለች።

ደገማት። ዝናቡ ጣለ፣ ማሳው ታረሰ፣ ዘሩ በጊዜው ገባ። ቦራም እስኪያረጅ ድረስ አረሰ።

እናንተም እንግዲህ የመታችሁን ሁሉ ጠላት አትበሉ፤ የመታችሁንም ሁሉ ወዳጅ አትበሉ። ከመታ በኋላ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። እኔ ብረቱን አግዬ ሰጠኋችሁ፤ መቀጥቀጡ የናንተ ነው።