ሄዶ የተመለሰው አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ ብቻ ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ።

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። አረንጓዴ ኮንጎ ጫማዋ ተረከዙ ላይ ተቀደደባት። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ አዲስ ጫማ ፈለገች። ከእናቷ ጋር ዳገቱ ላይ ወዳለው ሱቅ ሄደች።

"እትዬ ጌጤ፣ ጫማ አለ?"

"የለም የኔ ልጅ። ከታች ከፋብሪካው አልመጣልኝም።"

ወደ ፋብሪካው ወረደች። ፕላስቲክ የሚያቀልጡት ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ ጫማ ለሱቁ ይላኩ፤ ሱቁ ለኔ ይስጠኝ።"

"ምን አቅልጬ? አዲሱ የሚሠራው ከአሮጌው ነው። ቁራሌው አሮጌ አላመጣልኝም።"

ቁራሌውን ሙደሲርን መንገድ ላይ አገኘችው፤ ጆንያው ባዶ ነው።

"ሙደሲር፣ አሮጌ ለፋብሪካው ስጥ፤ ፋብሪካው ለሱቁ ይላክ፤ ሱቁ ለኔ ይስጠኝ።"

"ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። ሴቶቹ አሮጌ ጫማቸውን አንሰጥም አሉ።"

ወደ ሴቶቹ ሄደች።

"አሮጌ ለሙደሲር ስጡ፤ ሙደሲር ለፋብሪካው ይስጥ፤ ፋብሪካው ለሱቁ ይላክ፤ ሱቁ ለኔ ይስጠኝ።"

"ምን ሲደረግ? አልጋ ሥር ያጠራቀምኩት ልዋጭ ሲመጣ ሳፋ ልለውጥበት ነው" አለች እትዬ በላይነሽ። ጎረቤቷም "እኔም" አለች። የጎረቤቷ ጎረቤትም "እኔም።"

ልዋጩን ፈልጋ አገኘችው።

"ሳፋ ለሴቶቹ ስጥ፤ ሴቶቹ አሮጌ ለሙደሲር ይስጡ፤ ሙደሲር ለፋብሪካው ይስጥ፤ ፋብሪካው ለሱቁ ይላክ፤ ሱቁ ለኔ ይስጠኝ።"

"ሳፋው ከየት ይምጣ? የሚሠራው እዚያው ጋሽ ቶሎሳ ዘንድ ነው። እሳቸውም አሮጌ ሲያገኙ ነው።"

ትርሲት ቆም አለች። "እማዬ፣ ሁሉም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው እንዴ?"

"ይመስላል።"

"ታዲያ ማን ይጀምር?"

እናቷ ወደ ሱቁ ደጃፍ መለሰቻትና "እስቲ በቆርኪ እንሞክረው" አለች።

የሱቁ ደጃፍ የለስላሳ ቆርኪ ሞልቶታል። አፈሩ ላይ ዳገቱን፣ ቤቶቹን፣ ፋብሪካውን በጣታቸው ሣሉ፤ ቆርኪዎቹን አሮጌ ጫማ አሏቸው። አንዷን ጠጠር ሙደሲር ብለው በየቤቱ አዞሯት፤ ቆርኪዎቹ ከበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ልዋጩን ጠበቁ፤ ቆርኪዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው።

በዚህ መሐል የለስላሳው ጋሪ መጣ። ሙሉውን ሣጥን አራግፎ ባዶውን ጫነ። እትዬ በላይነሽም ባዶ ጠርሙሷን ይዛ ብቅ አለች፤ ያለ ባዶ ጠርሙስ ለስላሳ አይሰጥማ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ጠርሙሱን ለምን አላጠራቀሙትም?"

"ሌላ ላገኝበት ነዋ።"

"ጋሪው በፋብሪካው ደጅ አይደል የሚያልፈው?"

መልስ ሳትጠብቅ ቆርኪዎቹን ከየቤቱ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ በጋሪው ወደ ፋብሪካው አወረደቻቸው። ሄዱ። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ጋሪው ላይ አስቀመጠችው።

"አንቺ ልጅ፣ አዲሱ ባይደርስስ?" አለች እትዬ ጌጤ። "ሰኞ በባዶ እግርሽ ልትሄጂ ነው?"

"እንጃ። ግን ይመለስ እንደሆነ ልየው።"

እትዬ ጌጤ ሣቀች። "እንግዲያው አሮጌውን ያስቀደመ፣ አዲሱ ሲመጣ እሱ ይቀድማል።"

"ይቺ ልትቀድመኝ?" ብላ እትዬ በላይነሽ ወደ አልጋዋ ሥር ሮጠች። ጎረቤቷም "እኔም" አለች። የጎረቤቷ ጎረቤትም "እኔም።"

ያን ጊዜ ሴቶቹ ለሱቁ ሰጡ፤ ሱቁ በጋሪው ጫነ፤ ጋሪው ለፋብሪካው አወረደ፤ ሙደሲር ፋብሪካው ደጅ ቁጭ ብሎ አሮጌውን አጠበ፤ ጋሽ ቶሎሳ አቀለጡ፤ ልዋጩ ሳፋውን አገኘ፤ ጫማው በዚያው ጋሪ ከለስላሳው ጋር ዳገቱን ወጣ፤ ሱቁ ለትርሲት ሰጣት።

ሰኞ ጠዋት አደረገችው። ቡናማ ነው፤ አውራ ጣቷ ላይ ግን በደንብ ያልቀለጠች አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች።

"እማዬ፣ ይቺ የኔ ናት?"

"ማን ያውቃል። የእትዬ በላይነሽም አረንጓዴ ነበር።"

ትርሲት ትምህርት ቤት እስክትደርስ እግሯን እያየች ሄደች።

ተረቴም ዞራ መጣች፤ ወደሚቀጥለው ደጅ ደግሞ እናንተ አድርሷት።