የልብስ ሰፊው አሥራ ሁለት ዘፈኖች

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። አስካል፣ «መምህር፣ ሰው በሠራው ሥራ ቢኮራ ነውር ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና ስለ እሱ ልንገርሽ። ኩራትና ትዕቢት ከሩቅ ሲያዩዋቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ይህ ሰው ሁለቱን ሳይለይ ዓመት ሙሉ ሲፈራቸው ኖሯል።

አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ሱሪ ሲያሳጥርና ዚፕ ሲቀይር የሚውል ሰው ነው። ሀብታም አይደለም፣ የተቸገረም አይደለም። አንድ ፍቅር ነበረው። በዚያች ከተማ የተወለደች አንዲት ዘፋኝ ነበረች፤ በካሴት ዘመን አሥራ ሁለት ዘፈን ዘፍና ገና በወጣትነቷ የሞተች። ድምፅዋ ቀረ እንጂ መልኳን የሚያሳይ አንድ ፊልም እንኳ አልቀረም። ልብስ ሰፊው እሷን እየሰማ ሲሰፋ ጣቱን የወጋበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቀን ሁለት ኮረዶች ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ዘፈኗን ከቴፑ ሰሙና እርስ በርሳቸው «ይቺ ደግሞ ማናት?» ተባባሉ። በገዛ ከተማዋ! ነገሩ ከነከነው። «ዘመኑ የማየት ዘመን ነው፤ ሰው ያላየውን አይሰማም» አለና ለራሱ ቃል ገባ። በየወሩ አንድ ዘፈን ምስል አልብሼ በስልክ ለሰው አሳያለሁ፣ በዓመቱ አሥራ ሁለቱንም እጨርሳለሁ አለ። ከመስከረም ጀመረ።

ዘፈኑ ውስጥ ድልድይ ካለ ሄዶ ድልድዩን በስልኩ ያነሣል፤ ገበያ ካለ ገበያውን። የድሮ ፎቶ አላቸው የተባሉ ሰዎችን ቤት እያንኳኳ አልበማቸውን ያስገልጣል። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምስሉን ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሚስቱ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ሁልጊዜ እንደዚያው ነው የምታገኘው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሱሪውን ይጠብቃል፤ አንተ ስልክ ትጎረጉራለህ። ይህ ነገር ምን ያበላሃል?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ደስ ይለኛል።»

«እንግዲያው ደስታህን በወጥ እያጠቀስክ ብላ» ብላ ሳህኑን አስቀምጣለት ትሄዳለች። ስትሄድ ግን ያንኑ ዘፈን ታንጎራጉራለች።

የመስከረሙ ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዓይን አይሞላም ነበር። ልብስ ሰፊ ትርፍ ክር አይወድም። በስንኝና በስንኝ መካከል ዘፋኟ ትንፋሽ የምትወስድበት ባዶ ቦታ ሁሉ ትርፍ መስሎት ቆርጦ ጣለው። ከተመለከቱት አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ «ወንድሜ፣ ልታፍናት ነው እንዴ? እባክህ ትተንፍስ» ብሎ ጻፈለት። ሁለት ቀን ሙሉ ተናደደ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ አዳመጠውና የሰውዬው ነገር እውነት ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽዋን አልነካም። በኅዳር ደግሞ፣ «ወንዝ» ባለች ቁጥር ወንዝ ማሳየት ተመልካቹን መናቅ መሆኑ ገባው። በየካቲት ገበያው ከተበተነ በኋላ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ አነሣና፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳይቆርጥ እሳቸውን ብቻ አሳየ። ከተማው ያንን ከተቀባበለው በኋላ ሽማግሌው በሄዱበት ሁሉ ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅላቸው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ እጁ ተፈታ።

ስሙን ግን የትም አልጻፈም። ዘፈኖቹን የሚለጥፍበትን የኢንተርኔት ገጽ «የድምፅዋ ወዳጆች» ብሎ ሰየመው። አባቱ በልጅነቱ «ራሱን የሚያወድስ ሰው ዘመድ የሌለው ነው» ይሉት ነበር፤ ያ ነገር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። የከተማው ሰው ታዲያ ይከራከራል። አንዱ «አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ውጭ አገር የተማረ ነው! እዚህ ማን ይህን ያውቃል?» ይላል። ይህን የሚባባሉት ደግሞ ልብስ ሰፊው ፊት ቆመው፣ ወገባቸውን እያስለኩ ነው። እሱ ሜትሩን እየዘረጋ «ይሆናል» ይላቸዋል። ሆዱ ግን በሳቅ ይፈርሳል።

ዓመቱ ሞላ። ጳጉሜ መጣች። ጳጉሜ ለትልቅ ሥራ የማትበቃ፣ ለማሰብ ግን የምትበቃ ወር ናት። ልብስ ሰፊው አሥራ ሁለቱንም በተራ ተመለከተ። በመስከረሙ አፈረ። በየካቲቱ ፈገግ አለ። የነሐሴውን አይቶ ሲጨርስ «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት?» ብሎ፣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ዙሪያውን ተመለከተ። ደረቱ ሞላ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። «ተው አንተ ሰው! ዜማው የእሷ፣ ፎቶው የሰው፣ ከተማው የሁሉ። አንተ መቀስ ነህ» አለና ደስታውን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ደበቀው።

በዚያው ሰሞን በከተማው ባህል ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት በገጹ በኩል ጻፈችለት። ሥራዎቹን በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአዳራሹ ለሕዝብ ላሳይ ወይ ብላ ጠየቀች። «ይቻላል» ብሎ መለሰላት። ስሙን ስትጠይቀው አልነገራትም። የዋዜማው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የዘፋኟ ታናሽ እህት፣ ዛሬ አሮጊት ሆነዋል፣ ከገጠር ተጠርተው ከፊት ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ከኋላ ተቀመጡ።

ስድስቱ ዘፈኖች ታዩ። ሰው አጨበጨበ፣ ሰው አለቀሰ። ሰባተኛው ዘፋኟ ለእናቷ የዘፈነችው ነው። ለዚህ ዘፈን ልብስ ሰፊው ከአንድ ቤት አልበም ላይ «የዘፋኟ እናት ናት» ተብሎ የተሰጠውን ፎቶ አስገብቷል፤ ከሥሩም «እናቷ» ብሎ ጽፏል። የሰጡትን አመነ፤ ሌላ ሰው አልጠየቀም። ፎቶው ትልቁ ሸራ ላይ ሲወጣ እህትየዋ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አቁሙት!» አሉ። «ይቺ ሴት እናታችን አይደለችም! እናታችን ፎቶ ሳትነሣ ነው የሞተችው። የማንን እናት ነው በእናቴ ስም የምታሳዩት?»

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣና ሰው ሁሉ ወደ ባህል ክፍሏ ሠራተኛ ዞረ።

«ማን ነው የሠራው?»

«አላውቀውም» አለች። «ስሙን ጠይቄው አልነገረኝም።»

«የማታውቂውን ሰው ሥራ ነው ሕዝብ ፊት የምታቀርቢው? በሙት ትቀልጃለሽ?» ብሎ አንዱ ጮኸባት። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

ልብስ ሰፊው ዝም ቢል ከሚስቱ በቀር የሚያውቅበት ሰው የለም፤ ያቺ ሴት ግን ባላጠፋችው ተዋርዳ ትቀራለች። ቢነሣ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሱሪ እየለካ በስውር የሰማው ምስጋና በአንድ ከሰዓት ወደ ስድብ ይለወጥበታል። ሚስቱ አልጎነተለችውም፣ አልተናገረችውም። ይዛው የነበረውን እጁን ለቀቀችው ብቻ።

ተነሣ። «እሷን ተዉአት» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላጣራ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ? ልብስ ሰፊው?»

«እኔ።»

እህትየዋ «ና እስቲ ወደዚህ» ብለው ጠሩት። በሰው መሐል አልፎ ሄደና ፊታቸው ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ። የሰባተኛው ስሕተት ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ስድስቱስ? ቅድም ያስለቀሱን?»

«እነሱማ የእህትዎ ናቸው፣ እማማ። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ እኔ ምን አደረግሁና?»

አሮጊቷ ተቆጡ። በፎቶው ከተቆጡት የባሰ ተቆጡ።

«ስማኝ! ሱሪ ሰፍተህ ቢጠብ የማን ጥፋት ነው?»

«የእኔ።»

«ልክ ሲሆንስ? ጨርቁ ነው፣ እኔ የለሁበትም ትላለህ? የጠመመውን ለራስህ፣ የቀናውን ለሟች እያደልክ ጨዋ የሆንክ መሰለህ? እህቴ የሰው ድካም የምትወስድ ሴት አልነበረችም። ጥፋቱን በሰው ፊት የእኔ ነው ብለሃል፤ በል ማማሩንም በሰው ፊት የእኔ ነው በል።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ይህንን ለመናገር ጥፋቱን ከመናገር የበለጠ ጨነቀው።

«ስድስቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙት ደገመው። «እኔ ነኝ። ገና የሚታዩትን አምስቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ደክሜባቸዋለሁ። የመጀመሪያው አያምርም። የመጨረሻው ግን ያምራል፤ ታዩታላችሁ። ኮርቼባቸዋለሁ።»

ሚስቱ ከኋላ እልል አለች። አዳራሹ ተከተላት። የባህል ክፍሏ ሠራተኛ እንባዋን ጠርጋ ስምንተኛውን ከፈተች።

ለሰባተኛው ምን ተደረገ ትዪኝ ይሆናል። እናትየዋ ፎቶ የላትም። አሮጊቷ ራሳቸው «ቁርጥ እናትሽን ነሽ ይሉኛል፤ እኔን አንሣኝ» አሉት። በአዲስ ዓመት ማግሥት በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ የእናታቸውን ዘፈን ሲሰሙ ፊታቸውን አነሣ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ከሥሩ «ምስሉን ያቀናበረው» ብሎ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። በሌሎቹ በአሥራ አንዱም ላይ እንዲሁ ጻፈ፤ ባፈረበት በመስከረሙም ላይ ሳይቀር።

እንግዲህ አስካል፣ ልብስ ሰፊው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ ክፍልሽ ውስጥ አርባ ሁለት ልጆች ነበሩ። የፈተናው ውጤት ሲወጣ ሦስቱ ወደቁ፤ «የእኔ ጥፋት ነው፣ በደንብ አላስተማርኳቸውም» ብለሽ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመስሽም። ሠላሳ ዘጠኙ አለፉ፤ «እነሱ ጎበዞች ናቸው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ» አልሽ። መጽሐፉን ሌላ ሰው ጻፈው፣ ልጆቹን ሌላ ሰው ወለዳቸው፤ እውነት ነው። ማስተማሩስ የማን ነው? ትዕቢት የሌላውን ድካም የእኔ ነው ማለት ነው። የራስን ድካም የእኔ አይደለም ማለት ደግሞ ትሕትና አይደለም፣ ውሸት ነው። ስለ ሦስቱ ማዘንሽን አልከለክልሽም፤ ያገባሻል። ነገ ወላጆቹ ሊያመሰግኑሽ ሲመጡ ግን አንገትሽን ደፍተሽ «ኧረ እኔ ምንም» እንዳትዪ። ቀና ብለሽ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» በይ።