የአስናቀ ጋራዥ ወለል

ሞጆ ውስጥ አንድ ሰው ነገሩን ቸኩሎ ሲያሳምር ከታየ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አባባል ወርወር ያደርግበታል። ሽማግሌዎቹ «ከጥንት የወረደች ናት» ይሏታል። ከየት አባቷ! ስትወለድ እዚያው ቆሜ ነበር፤ እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ብል የሚከራከረኝ የለም።

መካኒኩ አስናቀ ጎረቤቴ ነው። አባቱ ጋሽ ወልደየስም መካኒክ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር ላይ በጀርባቸው ተንጋለው የከባድ መኪና ሆድ ሲጠግኑ የኖሩ። በሞጆ ያለፈ የጭነት መኪና ሁሉ ዘይቱን ፊታቸው ላይ አንጠባጥቧል፤ አጋነንክ ካላችሁኝ ግማሹን ቀንሱት። የመሬቱ ብርድ ጀርባቸውን ዘልቆ ሳንባቸው ገባና በዚያ ክረምት አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪሙ አስናቀን ለብቻው ጠርቶ «ቤታቸው ውሰዳቸው፤ የሚወዱትን አድርጉላቸው» አለው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«አባዬ፣ ምን ላድርግልህ?» ቢላቸው፣

«አዲሱ ጋራዥህ ሲመረቅ ገብቼ ልቀመጥ፤ ከአፈር የተላቀቀ መካኒክ ልይ» አሉ።

አስናቀ ለዚህ ቀን ያሰበው ተራ ወለል አልነበረም። ዘይት ቢፈስበት በጨርቅ የሚጠረግ፣ የሚያብረቀርቅ የኢፖክሲ ቅብ ነበር ያማረው። ችግሩ ኮንክሪቱ ከተሞላ ገና ወር አልሆነውም፤ ዝናቡም ዝናብ አልነበረም፣ ሰማዩ ተቀዶ ነው እንጂ።

ቀቢው ሙዘሚል ከአዳማ መጣ። ወለሉን በማሽን ሲፍቀው የተነሳው አቧራ እስከ ዝዋይ ድረስ ሰው አስነጥሷል። ጠርጎ ሲጨርስ አንድ ቁራጭ ላስቲክ መሬቱ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፈው። «ኮንክሪት ላዩ ደርቆም ውስጡ ውሃ ያቁራል» አለን። «ነገ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካየን አንቀባም።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአስናቀ የንስሐ አባት መምሬ ኪዳኑ መጥተው ጋራዡን ባረኩ። ጸበሉን አራቱም ማዕዘን ረጩት፤ እኔን ራሴን ለክርስትና እንደመጣ ሕፃን አረጠቡኝ።

በማግስቱ ላስቲኩ ሲገለጥ ሥሩ ጤዛ አዝሏል፤ ኮንክሪቱም ጠቁሯል።

«ይኸው! አስኔ፣ ጥቂት ሳምንታት ታገሥ» አለ ሙዘሚል።

«ይሄማ ትናንት መምሬ የረጩት ጸበል ነው።»

«ወንድሜ፣ እሳቸው የረጩት ከላይ፤ ውሃው ያለው ከሥር!»

«ጸበልን ላስቲክ ያግደዋል?»

ሙዘሚል ላስቲኩን ጠቅልሎ አነሳ። «በእናንተ ጸበል ገብቼ ምን ልናገር? ግን ቀለሙ ያብጣል። ኋላ በኔ እንዳትፈርድ።»

አስናቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙዜ፣ አባቴ ሳምንታት የለውም።»

ሙዘሚል ባልዲውን አነሳ።

ቅቡ ሲደርቅ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የንጉሥ አዳራሽ እንዲያ አያበራም። ድንቢጥ ኩሬ መስሏት ልትጠጣ ወርዳ ምንቃሯን ሰብራለች።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች። የተቆለፈበት ውሃ መውጫ ሲያጣ ቅቡን ከሥሩ ይገፋው ጀመር። በምረቃው ዕለት ጠዋት ወለሉ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሏል፤ አንዳንዱ እብጠት ድፎ ዳቦ ያክላል። አስናቀ የባሰውን በቄጠማ ሸፋፈነ።

ጋሽ ወልደየስን በወንበር ተሸክመን አስገባናቸው። ጢማቸው ተላጭቶ፣ ፊታቸው ቅባት ተቀብቶ፣ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፤ ኮቱ ውስጥ ግን ሰውዬው የሉም ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ዳኑ እኮ! ፊትዎ በራ!» አለ እንግዳው ሁሉ እየተቀባበለ።

ወንበሩን መሃል ላይ ስናሳርፈው አንዱ እግር ቄጠማውን ወግቶ ሰመጠ። ቅቡ ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ሽማግሌው ዘመም አሉ፤ ከሥር የወጣው የቆሸሸ ውሃ ጫማቸውን አራሰው።

አስናቀ ተንበርክኮ በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። «አባዬ፣ ይሄ ይስተካከላል። ዋናው አንተ ተሽሎሃል። አይደል? ተሽሎሃል በላቸው።»

በሳምንቱ ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሊቅ ስንት አዋቂ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ በምረቃው ቀን የሰማሁትን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም። ጋሽ ወልደየስ ውሃውን አዩት፤ የተላጨ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ረጅም ሳል ስለው ሲያበቁ የልጃቸውን እርጥብ እጅ ያዙና እንዲህ አሉት፦ «ተወው ልጄ፤ ላዩን አይተው ቢቀቡት፣ ሆዱ አለቀሰ።»