እስከ ሥሯ ነጭ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ ታጥረው የሚኖሩ ጥንቸሎች ደግ ልማድ ነበራቸው። የጥንቸል ልጅ ራቁቱን ነውና የሚወለደው፣ ጠጉር እስኪያበቅል ይጠበቅና ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቀለሙን ለይቶ ስም ያወጣለታል። ነጯ ጥንቸል የሆዷን ጠጉር ነጭታ ባነጠፈችው ጎጆ አንድ ልጇን ስታሳድግም ጎረቤቶቿ መጥተው አዩት። «አመድማ ነው» ተባባሉና «አመዴ» አሉት።

በዚያ ሰሞን ጅብ አጥር እየጣሰ ያምሳቸው ጀመር። ይህን የሰማ ቀበሮ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቁጭ አለ።

«የጅቡን ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለ። «እሱን የሚያስመጣው ዝንጉርጉር ነው። አንድ ወጥ ቀለም ያለውን አይነካም። ዝንጉርጉሮቹን ስጡኝና ከኮረብታው ማዶ ላስፍራቸው፤ እናንተም እፎይ ትላላችሁ።»

ዝንጉርጉሯ ጥንቸል ሁለት ልጆቿን ከሆዷ ሥር ሸጉጣ ወደ ነጯ ዞረች።

«እህቴ፣ ምነው አንድ ቃል ብትናገሪልኝ? ልጆቻችንን አብረን አይደል ያሳደግነው?»

ነጯ አመዴን ወደ ኋላዋ ገፋ አደረገችና ጆሮዋን ጥላ ዝም አለች። እናትና ልጆች ቀበሮውን ተከትለው ወጡ።

ጅቡም ሁለት ቀን ሳይመጣ ቀረ። ጥንቸሎቹ መድኃኒት ያገኙ መስሏቸው ደስ አላቸው። ሞኞች! ጠግቦ እንደሆነ ማን ይንገራቸው?

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ተመልሶ መጣና አመዴን ትክ ብሎ አየው።

«እሜቴ፣ ይሄ ልጅሽ ቀለሙ የጠራ አልመሰለኝም።»

«ኧረ በሞቴ፣ አያ ቀበሮ!» አለች ነጯ። «ከላይ ከላይ አትየው፣ ጭቃ ነው ያቆሸሸው። ጠጉሩን እፍ በልና ሥሩን ተመልከት፤ አመድማ ነው!»

ቀበሮ አፉን አሞጥሙጦ እፍ አለ። ሥሩ እውነትም አመድማ ነበር። ከአመድማው በላይ ግን ዳማ ቀለበት ታየ፤ ጫፉ ደግሞ ጥቁር። በአንዲት ዘለላ ጠጉር ላይ ሦስት ቀለም!

«ተባረኪ» አለ ቀበሮ። «እኔ እንኳ ይህን ዘዴ አላውቀውም ነበር።»

«እማዬ፣ ከኮረብታው ማዶ አንቺም ትመጫለሽ?» አለ አመዴ።

እናቱ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «ስም ያወጣችሁለት እናንተ አይደላችሁም ወይ? ተናገሩ እንጂ!» እያለች አለቀሰች። ሁሉም ጆሯቸውን ጥለው ዝም አሉ። አመዴም ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የቀበሮ ሥራ እፍ ማለት ብቻ ሆነ። ጥቁሩን እፍ ቢለው ሥሩ ግራጫ፣ ዳማውን እፍ ቢለው ሥሩ ነጣ ያለ። ማንም አንድ ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ተራ በተራ ወጥተው አለቁና እስከ ሥሯ ነጭ የሆነችው ጥንቸል ብቻዋን ቀረች።

አንድ ቀን የሆዷን ጠጉር እየነጨች ባዶውን ጎጆ ስታነጥፍ ጅብ አጥሩን ጥሶ ገባ። አልሸሸችም።

«አያ ጅቦ» አለችው። «እኔ እስከ ሥሬ ነጭ ነኝ፣ አትነካኝም ተብያለሁ። ለመሆኑ የልጄን ቀለም ምኑን ጠልተህ ነው?»

ጅቡ ግራ ተጋባ። «የምን ቀለም? እኔ መች ቀለም አያለሁ! ቀበሮ ያመጣልኝ ነበር፤ ዛሬ አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ ሄደህ ብላ አለኝ። ውስጣችሁ እንደሆነ የሁላችሁም ያው ነው።»

ነጯ በእጇ የቀረውን ጠጉር አመዴ ይተኛበት በነበረው ቦታ ላይ አነጠፈችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤት ልጅ ሲለካበት ዝም ያልንበት መለኪያ የእኛንም ልጅ ሊወስድ እንደሚመለስ፣ ያን ጊዜ ብንጮህም የሚጮህልን እንደማናገኝ ነው።